«ሥጋው የማን ነው?»

የምኖረው ኮቨንትሪ ነው፤ መሃል እንግሊዝ። እዚህ ከተማ «ዋርዊክ ዩኒቨርሲቲ» የሚል አውቶቡስ ይመላለሳል። አዲስ የመጣ ሐበሻ አውቶቡሱ ዋርዊክ የሚባል ከተማ የሚያደርሰው ይመስለዋል። ዩኒቨርሲቲው ግን እዚሁ ኮቨንትሪ ዳር ነው ያለው። ዋርዊክ ከተማ ሌላ፣ ዋርዊክ ዩኒቨርሲቲ ሌላ። እኔም አንድ ቀን ተሸውጄበታለሁ።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። እንግሊዝኛ የማይችል ሐበሻ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ፣ አንዳንዴም እስር ቤት ሲቀበሉት እጠራለሁ። የሰማሁትን ይዤ እንዳልወጣ ደንቡ ያስገድደኛል። ስለዚህ አሁን የማወራላችሁን ልጅ ስሙንም፣ የታሰረበትንም፣ ጥፋቱንም አላነሳም። የማወራችሁ ስለ ሥጋ ብቻ ነው።

ልጁ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነው። የገባ ዕለት ነው። የምትመዘግበው ሴት ፎርም ይዛ ተቀምጣለች። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ ራሱን ለመጉዳት ያስባል ወይ። ቀጥላ «ሃይማኖት?» አለች። «ኦርቶዶክስ» አለ። ጻፈች። ከዚያ የምግብ ምርጫ መጣ። ልጁ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሥጋው የማን ነው?» አለኝ።

እናንተ ጥያቄው ገብቷችኋል። ለእኔም ገብቶኛል። አሁን ይህንን ተርጉም! እንዳለ ብወረውረው ሴትየዋ የከብቱን ባለቤት የሚጠይቅ ይመስላታል። ማብራሪያ ልስጥ ብዬ አስፈቀድኩ። እኛ አገር ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ ጠብ ስላላቸው አይደለም፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል አልኳት። በትዕግሥት ሰማችኝና «እሺ፣ ሐላል ነው የሚፈልገው?» አለች። የለም፣ የማይፈልገው ሐላሉን ነው። «ሌላውን ሥጋ ደግሞ ማን እንዳረደው እኛም አናውቅም፤ ታሽጎ ነው የሚመጣው» አለች። ይህንንም ነገርኩት። አሰበ፣ አሰበና «እንግዲያው ይቅርብኝ» አለ። ሴትየዋ «ቬጅቴሪያን» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ልጁ በአንዲት ምልክት ፍስክ የሌለው ጾመኛ ሆኖ ቀረ።

ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሃይማኖት ለምን ይጠየቃል? ይህ አገር እኮ ስለ ሃይማኖት ማውራት እንደ ነውር የሚታይበት አገር ነው። አሥራ ምናምን ዓመት አብሮኝ የሠራ እንግሊዛዊ ምን እንደሚያመልክ አላውቅም፤ እሱም ጠይቆኝ አያውቅም። እስር ቤት በር ላይ ግን ከመድኃኒት ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው።

ነገሩ ሕግ ነው። በ1952 የወጣው የእስር ቤቶች ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) እስረኛ ሲገባ «የዚህ ሃይማኖት ነኝ» ያለው እንዲመዘገብ ያዛል። ያው ሕግ እያንዳንዱ እስር ቤት አንድ ቻፕሊን፣ ማለትም የእስር ቤት ቄስ እንዲኖረው፣ ቄሱም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሆን ይላል። የአንግሊካኑ ማለት ነው። ንግሥቲቱ ራሷ የበላይ ጠባቂ የነበረችበት፣ አሁን ንጉሡ የሆነበት ቤተ ክርስቲያን። የእኛ ሰው «ፈረንጅ መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል» ሲል እስቃለሁ። የትኛው ፈረንጅ?

ይህንን ሳነብ ነው ጄምስ ቤክፎርድ የሚባል ኅብረተሰብን የሚያጠና ሰው ላይ የደረስኩት። ሶሲዮሎጂስት ነው። በ1942 ተወልዶ በ2022 አረፈ። ከ1989 ጀምሮ ያስተማረው እዚሁ እኔ አንድ ቀን በተሸወድኩበት ዩኒቨርሲቲ ነው። በአንድ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠን ይሆናል፤ አላውቅም። በሕይወቱ ሳለ ስሙን አልሰማሁም።

የሰውየው የምርምር መንገድ ገርሞኛል። ሲጀምር ያጠናው የይሖዋ ምስክሮችን ነው። የዶክትሬት ሥራው እነሱ ላይ ነበር። ከዚያ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ወላጆች «ልጆቻችንን አፈዘዙብን» እያሉ ወደሚከሷቸው አዳዲስ እምነቶች ዞረ። ከዚያ ወደ እስር ቤት። በመጨረሻም ሙስሊም እስረኞች። ላይ ላዩን ሲታይ ከርዕስ ርዕስ የሚዘል ሰው ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የቆመው። ጥቂቶች የሚያምኑትን እምነት ብዙኃኑና መንግሥት ምን ያደርጉታል? ጥያቄው ይህ ነበር።

እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ሰው ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። የይሖዋ ምስክሮችን አጥንቻለሁ ብትል መጀመሪያ የሚመጣው «አንተም ገባህ እንዴ?» ነው። ካልገባህ ደግሞ «መልስ ልትጽፍባቸው ነው?» ትባላለህ። ወይ ገቢ ነህ ወይ መላሽ። ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ ማየት የሚባል ነገር ያጠራጥራል። ቤክፎርድ አልገባም፣ መልስም አልጻፈም። አየ።

እስር ቤት ገብቶ ያየውን ከሶፊ ጊሊያት ጋር ሆኖ በ1998 መጽሐፍ አድርጎ አወጣ። ሶፊ በኋላ ካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በብሪታንያ ስላለው እስልምና የሚያጠና ማዕከል ያቋቋመች ምሁር ናት። ሁለቱ ያዩት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። አንግሊካኑ ቄስ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። ቢሮ አለው፣ በጀት አለው፣ ከሁሉም በላይ ቁልፍ አለው። ኢማሙ ግን እንግዳ ነው። በሰዓት እየተከፈለው በሳምንት ጥቂት ጊዜ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ቁልፍ የለውም። በር ላይ ቆሞ የሚወስደው ሰው ይጠብቃል። የጁምዓ ሰላት በየትኛው ክፍል ይሁን፣ ረመዷን ላይ ማፍጠሪያው በስንት ሰዓት ይምጣ፣ ይህ ሁሉ የሚያልፈው በቄሱ በኩል ነው።

ቄሱ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ብዙዎቹ ደጎች ነበሩ። ለሙስሊሙም ለሲኩም ለሂንዱውም ይሯሯጡ ነበር። ቤክፎርድና ሶፊ ያነሱት ይህንኑ ነው። የአንዱ መብት በሌላው ደግነት ላይ ተንጠልጥሏል አሉ። ቄሱ ደግ የሆነበት እስር ቤት ውስጥ ይሰገዳል፤ ግድ የሌለው የደረሰበት ደግሞ ደጅ ይጠናል። አማላጅ ማለት ይኸው ነው እንግዲህ። አማላጅ ማፈላለግ ለእኛ ብርቅ አይደለም። እንግሊዝ አገርም በቢሮ ደረጃ እንዳለ ማየቴ ግን ትንሽ አጽናንቶኛል። አትፍረዱብኝ።

ደግሞ ጨርሶ መዝገቡ የማይቀበላቸው ነበሩ። ራስታፋሪያን አንዱ ነው። በ1990ዎቹም የእስር ቤት አስተዳደሩ እንደ ሃይማኖት አልቆጠረውም። አስቡት። ጃንሆይን ብሎ፣ ኢትዮጵያን ብሎ፣ ጸጉሩን አሳድጎ የሚገባ ጃማይካዊ «ሃይማኖት?» ሲባል የሚመልሰው መልስ በዝርዝሩ ላይ የለም። ከሻሸመኔ ሰዎች ጋር ሻይ የጠጣ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ይገባዋል።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ተለወጠ። በ1999 የእስር ቤቶች አስተዳደር የመጀመሪያውን የሙስሊሞች አማካሪ ሾመ። ቀስ በቀስ ሙሉ ጊዜ የሚሠሩ ኢማሞች ተቀጠሩ። ቁልፍ ያዙ። ዛሬ እኔ የምገባባቸው ቦታዎች የቻፕሊን ቢሮ ውስጥ ቄስም ኢማምም ጎን ለጎን ጠረጴዛ አላቸው። አንዱ ሲቀር አንዱ የሌላውን ስልክ ያነሳል።

የፈረንሳዩ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ያለችው የአጎቴ ልጅ ሊዮን ትኖራለች። ስለ እንግሊዝ ፎርም ስነግራት ደነገጠች። «ሃይማኖትህን ይጠይቁሃል? መንግሥት?» አለችኝ። ለእሷ ይህ ወንጀል ነው የሚመስላት። እውነቷን ነው። ፈረንሳይ በ1905 ሃይማኖትንና መንግሥትን በሕግ ለያይታለች። በ1978 የወጣው የግል መረጃ ሕግ ደግሞ ሰዎችን በሃይማኖትና በዘር እየለዩ መመዝገብን በጥቅሉ ከልክሏል። ስለዚህ እስር ቤት ስትገባ የሚቆጥርህ የለም። ስንት ሙስሊም እንደታሰረ መንግሥት በይፋ አያውቅም።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ሰውዬ ይመጣል። ፋርሃድ ኾስሮካቫር። በ1948 ቴህራን የተወለደ፣ ፓሪስ ያስተማረ ሶሲዮሎጂስት ነው። መጀመሪያ ያጠናው የገዛ አገሩን አብዮትና ለሰማዕትነት የሚሽቀዳደሙትን የኢራን ወጣቶች ነው። በኋላ የፈረንሳይን እስር ቤቶች በር አንኳኳ። በ2004 ስለ እስልምና በፈረንሳይ እስር ቤቶች መጽሐፍ አወጣ። በከተማ ዳርቻዎች አጠገብ ባሉት እስር ቤቶች ከግማሽ የሚበልጠው እስረኛ ሙስሊም እንደሆነ ገመተ። ገመተ ነው የምላችሁ፤ ቁጥር የለማ። ግምቱ ብዙ አጨቃጭቋል። መቁጠር በተከለከለበት አገር የሚገምት ሰው ይሰደባል። ካልገመተም የሚያወራው ነገር የለም።

ቤክፎርድ፣ ዳኒኤል ጆሊ የምትባል የዋርዊክ ምሁርና ኾስሮካቫር ተገናኝተው ሁለቱን አገሮች አወዳደሩ። ሥራቸው በ2005 ታተመ። እኔ እንደተረዳሁት፣ እንግሊዝ «ሙስሊም ነህ? እንግዲያው ይኸው ኢማምህ፣ ይኸው ሐላልህ» ትላለች። እስረኛው ይረካል፤ ግን ከዚያ በኋላ በሁሉም ዘንድ ከምንም በፊት «ሙስሊም» ሆኖ ይቀራል። ፈረንሳይ «እኔ የማውቀው እስረኛ ብቻ ነው» ትላለች። በንግግር ደረጃ ደስ ይላል። ግን ቄሱ ከድሮ ጀምሮ በእስር ቤቱ ውስጥ ቦታ ይዟል፤ ኢማም ደግሞ በጣም ጥቂት ነበር። ሙስሊሙ ክፍሉ ውስጥ ለብቻው ይሰግዳል፤ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ መስገድ ክልክል ነው። ሐላል ሥጋ ከፈለገ በገንዘቡ ከእስር ቤቱ ሱቅ ይገዛል። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በ2016 እስር ቤቶች የሐላል ምግብ የማቅረብ ግዴታ የለባቸውም ብሎ ወስኗል። አሳማ የሌለበት ምግብ ካለና የሚገዛበት ከተዘጋጀ በቂ ነው አለ። ገንዘብ የሌለውስ? የአጎቴን ልጅ ስጠይቃት «ይጹም» አለችኝ። የእኔ ቬጅቴሪያን ትዝ አለኝ።

እንግዲህ የቱ ይሻላል? እኔ ለእንግሊዙ አደላለሁ። ስለምኖርበት ይሆናል። ግን የተቆጠረ ሰው ምን እንደሚገጥመውም አይቻለሁ።

በ2021 ቆጠራ ከእንግሊዝና ዌልስ ሕዝብ ሙስሊሙ 6.5 በመቶ ነበር። እስር ቤት ውስጥ ግን ከ17 በመቶ በላይ ነው። በ2002 የሙስሊም እስረኛው ቁጥር 5,500 ገደማ ነበር። ዴቪድ ላሚ የተባለው የፓርላማ አባል በ2017 መንግሥት ጠይቆት ባወጣው ዘገባ 13,200 ደርሷል። ቁጥሩ ባይያዝ ኖሮ ይህንን ማንም አያውቅም ነበር። ግን ያው ቁጥር ጋዜጣ ላይ ሲወጣ አንዱ «ፍርድ ቤቱ ያዳላል» ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው «ሃይማኖቱ ነው ወንጀለኛ የሚያደርገው» ብሎ ያነበዋል። ያልተጻፈው የሙስሊሙ ሕዝብ ዕድሜ ነው፤ አብዛኛው ወጣት ነው፣ እስር ቤት ደግሞ የወጣት ቤት ነው። የሰፈሩ ድህነትም አልተጻፈም። እስር ቤት ከገባ በኋላ የሰለመም አለ። በሽብር ጉዳይ የታሰረው ከሙስሊም እስረኛው ከመቶ አንድ ገደማ ነው። የተቀረው እንደማንም ሰው በዕፅ፣ በስርቆት፣ በጠብ ነው የገባው።

ከ2001 በኋላ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ተገለበጠ። ድሮ «ኢማሙ ለምን ቁልፍ የለውም?» ነበር። አሁን «ኢማሙ ምን ያስተምራል?» ሆነ። በሐምሌ 2005 ለንደን ውስጥ በባቡርና በአውቶቡስ ላይ 52 ሰው ሲገደል እነ ቤክፎርድ የደከሙበት የእኩልነት ጉዳይ ወደ ኋላ ተገፋ። ገንዘብም ሲመጣ ለዚያ ሳይሆን ለጸጥታው መጣ። በ2017 ሌሎችን በአክራሪ ሐሳብ ይበክላሉ የተባሉ እስረኞች ለብቻ የሚያዙበት ክፍል ፍራንክላንድ በሚባለው እስር ቤት ተከፈተ።

ፈረንሳይ ላይ ይህ ቀደም ብሎ ነው የጀመረው። ኻሊድ ኬልካል የሚባል ልጅ ነበር። አልጄሪያ ተወልዶ ሊዮን አጠገብ ቮ-ኦን-ቬላ ያደገ። በ1992 ዲትማር ሎኽ የሚባል ጀርመናዊ ሶሲዮሎጂስት ስለ ሰፈር ወጣቶች ኑሮ ሲያጠና አገኘው። ልጁ ትምህርት ቤት እንግድነት እንደተሰማው፣ እንደታሰረ፣ እስር ቤት ውስጥ አረብኛና ሃይማኖቱን እንደተማረ ነገረው። ተመራማሪው ቀርጾ ወደ ቤቱ ሄደ። በ1995 ፈረንሳይ በቦምብ ስትናጥ የልጁ ፎቶ ተፈላጊ ተብሎ በየግድግዳው ተለጠፈ። መስከረም መጨረሻ ላይ ጫካ አጠገብ በጥይት ተገደለ። ከዚያ ያ ቃለ ምልልስ «ለ ሞንድ» የሚባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ ላይ ወጣ። እኔ የማስበው ስለ ሶሲዮሎጂስቱ ነው። ሦስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ከነበረ ድምፅ ጋር ያን ቀን ማታ እንዴት አደረ?

ኾስሮካቫርም ከጥር 2015 የፓሪስ ግድያ (የቻርሊ ኤብዶ መጽሔት ሰዎች የተገደሉበት) በኋላ ከቴሌቪዥን አልወረደም። ከገዳዮቹ ሁለቱ ፍለሪ-ሜሮዢ በሚባለው ግዙፍ እስር ቤት አልፈዋል፤ እሱ ደግሞ እዚያው ገብቶ እስረኞችን ለረጅም ጊዜ አነጋግሯል። ሁሉም «አክራሪ የሚሆነው እንዴት ነው?» ይለዋል። ሰዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋሉ፤ እሱ ስለ ተጨናነቀ ክፍል፣ ስለ ውርደት፣ ስለ አባት አልባነት ያወራል። ቲቪ ይህንን አይወድም።

በኅዳር 2019 ለንደን ድልድይ አጠገብ የሆነውን ደግሞ ብዙዎቻችሁ በቪዲዮ አይታችሁታል። ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እስረኞችንና ተማሪዎችን አብሮ የሚያስተምርበት ፕሮግራም ነበረው፤ የዚያ በዓል ላይ ነው። በሽብር ተፈርዶበት የተፈታ ተጋባዥ ሁለት ወጣቶችን በቢላ ገደለ። ሁለቱም እስረኛ ይለወጣል ብለው የሚሠሩ ነበሩ። ገዳዩን ከተናነቁት ሰዎች አንዱ በግድያ ተፈርዶበት ለዕለቱ በፈቃድ የወጣ እስረኛ ነው። ይህንን ጉዳይ የሚያጠና ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሥራው ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚመለስ እንጃ።

አሁን ወደ አገር ቤት ልመለስ።

ያደግሁት ወሎ ነው። ልጅ ሳለሁ አጎቴ በድንበር ጠብ ሰው ፈንክቶ ታሰረ። የእርሻ ድንበር ነው፤ አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። የወረዳው እስር ቤት ከቤታችን የሁለት ሰዓት መንገድ ነበር። አክስቴ በየሁለት ቀኑ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፤ አንዳንዴ እኔም ሳህኑን ተሸክሜ እከተላለሁ። በር ላይ ፖሊሱ ክዳኑን ይከፍታል፣ እንጀራውን ገለጥ ገለጥ ያደርጋል፣ አክስቴን ከወጡ ያስቀምሳታል። ከዚያ «ዝምድና?» ይላል። ሃይማኖት የሚል ጥያቄ አልሰማሁም። ከስሙ ይታወቃል መሰለኝ። ደግሞ ወሎ ስም ብቻ አያስተማምንም፤ መሐመድ የሚባል ክርስቲያን አያት ያለው ሞልቷል።

ጎረቤታችን ሼህ ናቸው። እሳቸውም ይጠይቁት ነበር። ቆሎና ዳቦ ይዘው ይሄዳሉ። ወጥ አይወስዱም፤ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ፖሊሱ «ዝምድና?» ሲላቸው «ወንድሙ ነኝ» ይሉና ይገባሉ። ፖሊሱም ጥምጥማቸውን ያያል፣ አጎቴ ወልደ ጊዮርጊስ መባሉን ያያል፣ ይጽፋል። አጎቴ ሲፈታ እንደነገረን፣ ውስጥ ማዕድ የሚቆርሱት አንድ ላይ ነው። ሽሮ ከሆነ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። በዓል ደርሶ ሥጋ የገባ ቀን ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። ማንም ፎርም አልሞላም።

ዕርቁንም ያመጡት እኚሁ ሼህና አንድ ቄስ ናቸው። ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ካሳውን ወሰኑ። በአካባቢያችን ደም ከፈሰሰ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ይጠራሉ። ዱዓውም ጸሎቱም በአንድ ቦታ ይሆናል። መንግሥት የራሱን ፈርዶ ነበር። ፍርዱ አልቆ ዕርቁ ካልተደረገ ግን ሰው ተፈታ አይባልም፤ ገበያ እንኳ ተደብቆ ነው የሚሄደው።

ይህንን እዚህ ላለ ሰው ሳወራ «እንዴት ያምራል!» ይለኛል። እዚያ ላይ አቆመዋለሁ። አያምርም ለማለት አይደለም። ጠያቂ የሌለውስ? ከሩቅ አገር መጥቶ የታሰረ፣ ዘመድ የራቀው ሰው የሰው ትራፊ ነበር የሚጠብቀው። አጎቴ ራሱ «ስንቅ የማይመጣለት ሰው ቀስ በቀስ አሽከር ይሆናል» ይል ነበር። ልብስ ያጥባል፣ ውሃ ይቀዳል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 እስረኛ በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ መብት ይሰጣል። ጥሩ ተጽፏል። ይጎብኝ ይላል እንጂ ጎብኚ አይቀጥርለትም።

ደግሞ እንግሊዞቹ የሚሸበሩበት ነገር እኛ ዘንድ ተራ የሆነበት ጊዜ አለ። በየካቲት 2008 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሮዋን ዊሊያምስ የሸሪዓን አንዳንድ ነገር የአገሪቱ ሕግ ማስተናገዱ የማይቀር ይመስላል አሉ። አገር ተቀወጠ። ይውረዱ ተባለ። እኔ ያኔ አዲስ ነበርኩ፤ ጫጫታው አልገባኝም። እኛ አገር የቃዲ ፍርድ ቤት በጃንሆይ ዘመን፣ በ1940ዎቹ ነው በአዋጅ የታወቀው። በሕገ መንግሥቱም አለ። በ1999 ደግሞ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188 ተጠናክረዋል። ትዳር፣ ውርስ፣ ወቅፍ (ለሃይማኖት የተሰጠ ንብረት)፤ ሁለቱ ወገኖች ከፈቀዱ። ወንጀል ላይ አይገባም። የሥራ ባልደረባዬ ይህንን ስነግረው «የክርስቲያን ንጉሥ ነው የፈቀደው?» አለኝ። አዎ፣ ያውም ክርስቲያን ንጉሥ አልኩት።

ግን እዚህም ላይ ጉራዬን ልቀንስ። በ2012 ሙስሊሞች «ድምፃችን ይሰማ» ብለው ሲነሱ ከተወካዮቻቸው ኮሚቴ ጋር የታሰሩት የተከሰሱት በፀረ ሽብር አዋጁ ነው። በ2015 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ተፈቱ። በዚያ ሰሞን ከየቴሌቪዥኑ የሚወጣው ቃል «አክራሪነት» ነበር። ቃሉ አማርኛ ይምሰል እንጂ አስተሳሰቡ ከእነ ፓሪስና ለንደን የመጣ ነው። እነሱ የሚያወሩት ከአንድ ትውልድ በፊት በስደት ስለመጣ፣ በከተማ ዳር ስለሚኖር ጥቂት ሕዝብ ነው። እኛ ዘንድ በ2007 ቆጠራ ሙስሊሙ 33.9 በመቶ ነው። ከሦስት ሰው አንዱ። ለስደተኛ ሰፈር የተሰፋ ልብስ ለወሎና ለሐረር ሲያለብሱት ነው ያየሁት። የእኛን ልክ ወስዶ የሚሰፋ፣ እስር ቤታችን ገብቶ ማዕዱ ለምን ሁለት እንደሚሆን ቁጭ ብሎ የሚያይ ምሁር ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ገብቷል ወይ መላሽ ነው ሳንለው።

ባለፈው ወር አክስቴ ጋ ደወልኩ። ጆሮዋ ደክሟል፤ ጮክ ብዬ ነው የማወራት። ስለዚያ ልጅ፣ ስለ ሥጋው ነገርኳት። ስም ሳልጠራ። በጣም ሳቀች። ከዚያ ዝም አለችና፣ «ማን ይጠይቀዋል?» አለችኝ።

«ቄስ አለ እቴቴ። ኢማምም አለ። መንግሥት ነው የሚከፍላቸው።»

«እሱንስ ሰማሁ። ማን ይጠይቀዋል ነው የምልህ።»

እዚህ ለመጠየቅ አስቀድሞ ስም ማስመዝገብ፣ ቀን መያዝ እንደሚያስፈልግ፣ ልጁም ዘመድ የለኝም እንዳለ ነገርኳት። እኔ አስተርጓሚ ስለሆንኩ መሄድ እንደማልችልም ነገርኳት። አልገባትም።

«እሺ የሚሄድ ሰው ቢገኝ ምን ይዞ ይሄዳል?»

«ምንም። ምግብ አይገባም።»

«እንጀራም?»

«እንጀራም። ሳንቲም ይዞ ይገባል። እዚያው ሻይና ቸኮሌት የሚሸጥ ማሽን አለ። ከማሽኑ ይገዛለታል።»

«ማሽን» አለች። ቀጥላ ለአንድ ሰው ስታወራ ይሰማኛል፤ ጎረቤት መጥታ ነበር መሰለኝ። «ሳንቲም ነው አሉ የሚወስዱለት» ትላታለች።